ቀልቶ የማይበስለው ወይን

እሑድ ዕለት የልጅ ልጄ ቀለበት ነበር። የእጮኛዋ ታናሽ ወንድም፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ፣ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ማብራሪያ ጀመረ። ብርጭቆውን ያዞረዋል፣ ያሸተዋል፣ ደግሞ ያዞረዋል፣ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ያየዋል። መጠጣት የሚባለው ነገር ላይ ግን አልደረሰም። «እማማ፣» አለኝ፣ «ቀይ ወይን ሲባል እኮ ፍሬው ውስጡ ነጭ ነው። ቀለሙ ሁሉ የሚመጣው ከልጣጩ ነው።» «ሁሉም አይደለም፣» አልኩት። «አይ እማማ፣ ሁሉም ነው፣ ሥልጠና ወስጃለሁ፣» አለኝ። ሥልጠና ወስዷል። እኔ ደግሞ እስከ ዘሩ ድረስ ደም የመሰለ ወይን ሰባት ዓመት ሙሉ አንጀቴን ሲያሳርረኝ የኖርኩ ሴትዮ ነኝ፤ የምስክር ወረቀት ግን የሰጠኝ የለም። ብርጭቆውን ተቀብዬ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ያ የሐረር ጓሮ ከነአቧራው፣ ከነዝንቡ መጣብኝ። ልጄ አስካል ከወዲያ ማዶ ሆና «እማዬ፣ ልጁን አትጨቅጭቂው» በሚል ዓይን ታየኛለች። የዚያ ሁሉ ጣጣ መነሻ እሷው መሆኗን ረስታው ነው።

ሐረር ስንገባ አዲስ ተጋቢዎች ነበርን። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ጣሊያን ከሄደ ሰንበትበት ብሏል፣ ጃንሆይም ገና ነበሩ፣ ይሄ ይበቃል። ባለቤቴ ተሰማ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተመደበና ከሸዋ ገጠር ነቅሎ ወሰደኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ግን ያኔ ትንሽ ገንዘብም ሥራ ትሠራ ነበር። ጊደር መጋላ ገበያ ወርጄ በርበሬውን፣ ሽንኩርቱን፣ አንድ ዘንቢል ብርቱካኑን ገዝቼ፣ ለተሸካሚም ከፍዬ፣ ከብሩ ሳንቲም ይተርፈኝ ነበር። ዛሬ በአንድ ብር ማስቲካም አይሰጡህም፤ ቢሰጡህም የተሸረፈውን ነው። ተሰማ ካኪ ኮቱን የሚያሰፋው የድሮውን ከተማ በከበበው ግንብ ውስጥ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ከተደረደሩበት ቀጭን መንገድ ነበር። የስፌት መኪናው ድምፅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲንጣጣ እርስ በርስ ለመሰማማት መጮህ ነበረብን። የከተማው ሴቶች ሐር ለብሰው፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥልፍ የተጠለፈበት ሱሪ ታጥቀው፣ ብርቱካናማውን፣ ሐምራዊውን ሻሽ ጣል አድርገው ሲያልፉ እኔ በነጠላዬ ተጠቅልዬ ቆሜ አፌን ከፍቼ አያቸዋለሁ። ተሰማ «ነይ እንጂ፣ ሰው ያየናል» ይለኛል። ሰው ምን ሊያይ? የማየው እኔ ነኝ እንጂ የሚታየው ሌላ ነው።

ቤታችን ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ አንድ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ባለ ሁለት ክፍል ነበር። ሰውዬው ሲሄድ ሦስት ነገር ትቷል፦ የማይዘጋ መስኮት፣ የተሰነጠቀ የውሃ ጋን፣ በጓሮው ሽቦ ላይ የተጠላለፈ አንድ ትልቅ የወይን ሐረግ። መስኮቱን አስጠገንን፣ ጋኑን ጣልነው፤ ወይኑን ምነው አብረን በጣልነው ኖሮ። ወይን ሲባል እናንተ የምታውቁት በየገበያው የሚሸጠውን፣ ፍሬው ድብልብል ያለውን፣ አፍ ሲገባ ውሃ የሚሆነውን ነው። ይሄኛው ሌላ ፍጥረት ነው። ፍሬው የጥቁር አዝሙድ ታላቅ ወንድም ያህላል፣ ያውም አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቆ፣ በዘለላው መሐል ነፋስ እንኳ አያልፍም። ልጣጩ ወፍራም ነው፤ ስታኝከው ጥርስህን ያጠርስሃል፣ ምላስህን ይዞ አይለቅህም። ከልጣጩ ስትገላገል ደግሞ ሁለት ሦስት ዘር ይጠብቅሃል። ሥጋው እንዳለ ቀይ ነው። አንዴ ነጭ ቀሚሴን ነክቶኝ በሳሙና አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት፣ በአመድ አሸሁት፣ ጭራሽ እየጠቆረ ሄደ። ቅጠሉ ራሱ ብርድ ሲገባ ይቀላል። ከሁሉ የባሰው ጠባዩ ግን ይሄ ነው፦ ቶሎ ይቀላል፣ ዘግይቶ ይጣፍጣል። ጥቅምት ሳያልቅ ጥቁር ቀይ ሆኖ፣ አቧራ የመሰለ ነገር ለብሶ፣ «ብሉኝ» ይላል። ብትቀምሰው ኮምጣጤ ነው። ያንን ቀለም አይቶ ያልተታለለ ሰው በዚያ ጓሮ ውስጥ አላየሁም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ተሰማና እኔ አራት ዓመት ልጅ አጣን። ይሄን ዛሬ በቀላሉ እላለሁ፣ ያኔ ግን አራት ዓመት ማለት በየቡናው፣ በየለቅሶው ሴት ሁሉ ሆዴን እያየ የሚያልፍበት አራት ዓመት ነው። ታዲያ አንድ ኅዳር ሚካኤል፣ በዓመታዊው ንግሥ ላይ፣ ሕዝቡ ስለቱን እየተናገረ ሲያስገባ፣ ተሰማ ድንገት ከአጠገቤ ብድግ አለ። በቤቱ አሥር ቃል የማይናገር ሰውዬ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሚካኤል ልጅ ከሰጠኝ የቅዳሴውን ዘቢብ ከገዛ ጓሮዬ ወይን አድርቄ፣ በኅዳር ንግሥህ ቀን አመጣለሁ» ብሎ ተሳለ። ሴቱ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ፤ ምን አውቄ። የእኛ የቅዳሴ ወይን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው፤ ዘቢቡ ታጥቦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ። ጧፍ እሳላለሁ ቢል፣ ጥላ እሳላለሁ ቢል፣ ምንጣፍ ቢል ምን ነበረበት? ከሱቅ ተገዝቶ ያልቃል። የለም። የእኔ ሰውዬ ከዚያ ከማይረባ ሐረግ፣ ያውም ቀን ቆርጦ።

ሚካኤል የድርሻውን አደረገ። በነሐሴ አስካል ተወለደች፤ ስሟንም አባቷ ነው ያወጣው፣ የወይን ዘለላ ማለት ነው ብሎ። እንግዲህ የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ጥቅምት ሃያ ገደማ ወይኑ ቀላ፣ ተሰማ ደስ አለው፣ ለቀመው፣ ሰፌድ ላይ አሰጣው። ለበዓሉ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ያ ወፍራም ልጣጭ በሦስት ሳምንት ውስጡን ይለቅ መሰላችሁ? ላዩ ተጨማደደ፣ ውስጡ ረጠበ፣ ግማሹ ሻገተ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት በአዲስ መሶብ ይዘን ሄድን፤ ቄሰ ገበዙ አንዷን አንስተው ቀመሱ፣ ፊታቸው እንዳይታወቅባቸው ወደ ጎን ዞር አሉ፣ ከዚያ በጣም በትሕትና «ይሄ ለቅዳሴ አይሆንም ልጄ፤ ለከርሞ ያድርሳችሁ» አሉት። ለከርሞ አደረሰን። ለከርሞም ያው ሆነ። በሦስተኛው ዓመት አንድ የእርሻ ባለሙያ ይዞ መጣ፤ ሰውዬው ቅጠሉን ገልብጦ፣ ዘሩን ፈልፍሎ፣ «ይሄ የመብል አይደለም፣ ለወይን ጠጅ የሚሆን ነው፤ ጥመቁት» አለ። «ስለቴ ዘቢብ ነው፣» አለ ተሰማ። «እንግዲያው ቀደም ብለህ ግረዘው፣ ቀድሞ ይደርሳል፣» አለው። ገረዘው፤ ቀድሞ ደረሰ፣ በነሐሴ ዶፍ ውስጥ ደረሰና ሐረጉ ላይ እንዳለ በሰበሰ። ከዚያ በኋላ የሰው ምክር አልሰማም አለ። እስከዚያ ድረስ የሰማ ይመስል።

ኧረ ያ ሰውዬ። ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ ያለ ችኮ ከእግዜር እጅ ሁለተኛ አልወጣም። ከመሥሪያ ቤት ሲመጣ ኮቱን ሳያወልቅ ጓሮ ነው የሚሄደው። ከወይኑ ፊት ቆሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ተከሳሽ ያየዋል። «ቀላ፣» ይለኛል። «ቀላ እንጂ በሰለ?» እለዋለሁ። «የቀላ ነገር በስሏል ማለት ነው፣» ይለኛል። «በርበሬም ይቀላል፣» እለዋለሁ። ይሄው ነው ጭውውታችን። በየመንገዱ ደግሞ ያ ሁሉ እልል ያለ ሴት «የሺ፣ ዘቢቡስ?» ይለኛል። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ አንዷ፣ ወፍጮ ቤት ሌላዋ። ሰው የሌላ ሰው ስለት ላይ ያለው የማስታወስ ችሎታ ይገርመኛል፤ የተበደሩትን ወንፊት ግን አያስታውሱም።

ከጓሯችን አጥር ወዲያ የአንዲት የግንቡ ውስጥ ሴትዮ የአትክልት ቦታ ነበር፤ ብርቱካን፣ ቡና፣ ጥቂት ጫት። አይ ፋጡማ ይባላሉ። በእነሱ አጠራር «አይ» እናት እንደማለት፣ ለታላቅ ሴት የክብር ነው። ጠዋት ጠዋት በግንቡ በር ወጥተው ይመጣሉ፣ ይኮተኩታሉ፣ ረፋዱ ላይ ይመለሳሉ። ወንድማቸው ጊደር መጋላ ውስጥ ሱቅ አለው፤ ቴምር፣ ቅርንፉድ፣ ከኤደን በመርከብ የሚመጣ ዘቢብ ይሸጣል። ሰላምታችን በአጥሩ ላይ ነበር፤ አንዳንዴ ብርቱካን በቀዳዳው ያንከባልሉልኛል። አንድ ጥቅምት ተሰማ ወይኑን ሲለቅም አይተው «ልጄ፣ ገና ነው እኮ፣» አሉት። እሱ ባርኔጣውን አንስቶ በአክብሮት እጅ ነሣቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ «ሴትየዋ የቅዳሴ ነገር ምን ታውቃለች?» አለኝ። እኔስ ከእሱ የተሻልኩ ነበርኩ? በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ዓመት፣ ከሰፌዱ ላይ ሻጋታውን እየለቀምኩ ሳለሁ አይ ፋጡማ በአጥሩ ክፍተት ገቡና አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ምንም ሳይሉ እጃቸውን ዘርግተው አብረውኝ ሊለቅሙ ጀመሩ። እኔ ሰፌዱን ወደ ራሴ ሳብ አደረግሁት። «ይተዉት አይ ፋጡማ፣ የቤተ ክርስቲያን ነው፣» አልኳቸው። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገውት ተነሡ። «እሺ፣ አላህ ይቀበላችሁ፣» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ብርቱካኑ እንደ ወትሮው ተንከባለለ። ልጬ በላሁት፤ አፍሬ ነበር፣ ግን ማፈሬን ለራሴም አልተናገርኩም።

በሰባተኛው ዓመት ነው የባሰው የመጣው። ያን ዓመት ተሰማ ግማሹን ብቻ ለቅሞ፣ ያው ሻግቶበት፣ ያው «ለከርሞ ያድርሳችሁ» ተብሎ ከንግሥ በተመለስን በሳምንቱ አስካል ተኛች። ተስቦ ነው አሉ። ትኩሳቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ጸጉሯ በትራሱ ላይ ይቀራል። ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እጇን ስይዘው አጥንቱ ይቆጠራል። ተሰማ ከአልጋው ራስጌ፣ እኔ ከግርጌ ተቀምጠን ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው። የተሰጠን በቃል ነው፣ ቃሉን አልሞላንም፣ ሊወስዳት ነው። ሐኪሙ የሚለው በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ተሰማ አንድ ጠዋት መጥረቢያ ይዞ ጓሮ ወጣ፤ ከሐረጉ ፊት ቆመ፣ ቆመ፣ መጥረቢያውን ጥሎ ሥራ ሄደ። የተረፈውንም ዘለላ ዳግመኛ ላያየው ማለ።

አይ ፋጡማ ልጅቷ መታመሟን ሰምተው በሳህን ሾርባ ይዘው መጡ። ቤታችን ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። አስካልን በማንኪያ እያጠጡ፣ በራሳቸው ቋንቋ የሚያባብል ነገር እያንሾካሾኩ፣ ሳህኑን አስጨረሷት። ለእኔ ሁለት ማንኪያ አልጨርስ ያለች ልጅ። ያኔ ተሸነፍኩና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ስለቱን፣ ኅዳሩን፣ ሻጋታውን፣ የልጄን ሞት መፍራቴን። እሳቸው ሰሙኝና በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ጠጅ ይሆናል?»

«አይሆንም። ዘቢቡ ተዘፍዝፎ በዚያው ይጨመቃል፤ አያሰክርም።»

«እንግዲያስ ዘቢብ ነው፣» አሉ። «ታዲያ ለምን ትቸኩላላችሁ? ጥር ላይ ይበስላል፣ ይደርቃል፣ ለከርሞ ኅዳር ትወስዱታላችሁ።»

«ለከርሞ?»

«የሺዬ፣ ዘቢብ እኮ ዓመት ይቀመጣል። ለዚህ አይደል የሚደርቀው?»

እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ሰባት ዓመት። ማንበብ የሚችል ባል፣ የተማረ የእርሻ ባለሙያ፣ ጠቅላላ የንግሥ ሕዝብ፣ እኔ የባልትና ሴት ነኝ ባይዋ፣ ሽሮና በርበሬ ከዓመት ዓመት የማስቀምጥ፣ አንዳችንም የደረቀ ነገር እንደሚቀመጥ አልታሰበንም። ወይኑ በየዓመቱ በኅዳር አካባቢ ሲቀላ እያየን፣ የዘንድሮው ፍሬ ለዘንድሮው በዓል ነው ብለን ጭንቅላታችንን ደፍነን ተቀመጥን። መሳቅ ቃጣኝ፣ ከዚያ በዚያው አለቀስኩ። ብስጭቴ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ያ ልጅ ብርጭቆውን ሲያዞረው እንኳ የታየኝ ይሄው ነው።

ሐረጉ ላይ ተሰማ ትቶት የሄደው ግማሽ ፍሬ ነበር። አይ ፋጡማ በየሳምንቱ እየመጡ አንዲት ፍሬ ቀጥፈው ያኝካሉ፣ ዘሯን በጥርሳቸው ይሰብራሉ፣ «ገና» ብለው ይሄዳሉ። ቀለሙን አያዩትም። «ቀለሙ ይዋሻል፣ ዘሩን ጠይቂው፣» አሉኝ፤ «አረንጓዴ ከሆነና ለጥርስ ከለዘበ ገና ነው፤ ቡና መስሎ ሲንኮሻኮሽ ያኔ ደረሰ።» ኅዳር አለቀ፣ ታኅሣሥ አለቀ። አስካል ትራስ ተደግፋ መቀመጥ ጀመረች፣ ከዚያ ግድግዳ ይዛ መራመድ። ተሰማ ጓሮውን ላለማየት በፊት በር ይገባል፣ በፊት በር ይወጣል። ጥር ገብቶ ጥምቀት ካለፈ በኋላ አይ ፋጡማ አንድ ጠዋት አኝከው፣ ሰብረው፣ «ቢስሚላህ፣» አሉ። እኔም ቀመስኩት። ያ ያጠርሰኝ የነበረ ልጣጭ ያው ወፍራም ነው፣ ግን ከሥሩ የሚመጣው ጣፋጭነት ከባድ ነው፤ ማር ውስጥ የተነከረ ሾላ ዓይነት። ለካ ወይኑ መጥፎ አልነበረም። እኛ ነን አናስጨርሰው ያልነው።

ልጣጩ እንዲሰነጣጠቅና ውሃውን እንዲለቅ በፈላ የአመድ ውሃ ጥልቅ አድርገን አወጣነው፤ ይሄን ዘዴ ወንድማቸው ከኤደን ነጋዴዎች ሰምቶ ነው የነገራቸው። ከዚያ እሳቸው ቤት ጣራ ላይ፣ ግንቡ ውስጥ፣ ጠፍጣፋው ጣራ ላይ አሰጣነው። ሰፌዱን ይዤ ያንን ጠባብ መንገድ ከኋላቸው እየተከተልኩ ስወጣ ሴቶቹ ከየበሩ ብቅ እያሉ ይጠይቃሉ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፤ አልገባኝም፣ ግን የአስካል ስም በመሐል ይጠራል። በጣራው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከየፍሬው ጫፍ ላይ ጭራውን ስንለቅም ዋልን። በዚያ ቀን ሰፌዱን ማንም ከማንም አልሳበም። ዘቢቡ ሲደርቅ በስፌት ሙዳይ ተደርጎ እሳቸው ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከጌጥ ስፌቶቹ መሐል ተሰቀለ። ለተሰማ ነገርኩት፤ እኔ ቤት ቢሆን ግን በየቀኑ እየከፈተ ያሸተው ነበር።

ነሐሴ ላይ ተሰማ ወረቀት ይዞ መጣ። ዝውውር ነው፤ ወደ ጎሬ። ጎሬ ማለት ያኔ ከሐረር የአገሪቱ ሌላ ጫፍ ነው፤ ባቡር፣ ከዚያ የጭነት መኪና፣ ከዚያ ጭቃ። መስከረም ላይ ሪፖርት ማድረግ አለበት። ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄዶ ነገሩን ነገራቸው። «ልጄ፣ ሚካኤል በየወሩ በአሥራ ሁለት አለ፤ የመስከረሙን ቀን አምጣው፣ እኛም እንቀበላለን፣» አሉት። አሁን ይሄን የሚመስል መልካም ነገር አለ? ተሰማ ግን «ኅዳር ብያለሁ፣» አለ። እንደ ግድግዳ ቆመ። «በሕዝብ ፊት ኅዳር ብያለሁ፣ ሰባት ዓመት ያሳፈርኩት ቀን ኅዳር ነው።» ደሜ ፈላ። ሆኖም፣ እውነቱን ልናገር፣ ልጅቷ ከሞት አፍ ከወጣች በኋላ እኔም ቃሉን በአንድ ቀን ማጉደል ፈራሁ።

«ለመዝገብ ቤት ባልደረባዬ አደራ እንስጠው፣» አለኝ።

«ያ ሰውዬ የገዛ ባርኔጣውን በየቀኑ ረስቶ የሚሄድ ነው።»

«ታዲያ ለማን?»

«ዘቢቡ ያለው የት ነው? እዚያው ይቆይ። አይ ፋጡማ ያድርሱት።»

«የሚካኤልን ስለት ለእስላም?»

እንግዲህ እኔ በባሌ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማውቅ ሴት አልነበርኩም፤ ያን ቀን ግን መስኮቱ እስኪነዝር ጮኽኩበት። «ይሄ ሁሉ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ ዘቢቡን የሚገዛው ከማን ሱቅ ነው? ከወንድማቸው ሱቅ አይደለም? ከጊደር መጋላ ተገዝቶ ስትቆርብ አልጎረበጠህም፤ አሁን ልጅህን በማንኪያ አጥግበው ያስነሡልህ ሴትዮ እጅ ጎረበጠህ?» አልኩት። ከዚያ ባርኔጣውን አነሣ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ግንቡ ውስጥ አብሮኝ ሄደ። አይ ፋጡማ በር ላይ ቆሞ፣ ለዳኛ እንኳ እንዲያ ዝቅ ሲል አይቼው አላውቅም፣ ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሥቶ «እናቴ፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ነው፣» አላቸው። «አማና ነው፣ ኢንሻአላህ፣» አሉት፤ አደራ ማለታቸው ነው። አስካልን ሳሟት፣ እኔን ሳሙኝ፣ ሄድን።

ጎሬ ዝናቡ አያባራም። ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን እኔና ተሰማ እዚያው ባለች ቤተ ክርስቲያን ቆመን ዋልን፤ እሱ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። ደረሰ ይሆን? ረሱት ይሆን? ታመው ይሆን? አይጥ በልቶት ይሆን? ከዚያ ኅዳር አለቀ፣ ታኅሣሥ አለቀ። አስካል ሳል ባሳለች ቁጥር ተሰማ ከእንቅልፉ ይነሣል። ያን ሁለት ወር እንዴት እንዳሳለፍነው እኔ ነኝ የማውቀው። ደብዳቤው የደረሰው ጥር ላይ ነው፤ በሐረር ማመልከቻ ጸሐፊዎች ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት። ተሰማ ቆሞ አነበበልኝ፣ እኔ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦

«ለልጄ ለወይዘሮ የሺ። እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አማናው ደርሷል። ሰዓቱን ስላላወቅሁት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሄጄ ከአጥሩ ውጭ ቆየሁ። ሰዉ ብዙ ነበር። ፀሐይ ሲወጣ አንድ ቄስ መጡና ሙዳዩን ተቀበሉኝ፣ ቀመሱ፣ ሌላም ቄስ ጠርተው አስቀመሱ፣ ደስ አላቸው። ስለቱ የማን ነው ብለው ጠየቁኝ። የልጄ ነው አልኳቸው። ስሟን ጠየቁኝ፣ አስካል አልኩ፤ በሕዝቡ ፊት ጠሩት፣ ሴቶቹ እልል አሉ። የልጄ ነው ማለቴ ስህተት ከሆነ አፉ በይኝ።»

ተሰማ እዚያ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አጥፎ «ከክርስትና ወረቀቷ ጋር አስቀምጪው፣» አለኝና ወደ ዝናቡ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷ ብትስልም እስኪነጋ ይተኛ ጀመር። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ያ በአየር ላይ የቀረ እጅ መጣብኝ፣ በቀሚስ ጫፍ ሲጠረግ። ከሁለት ቀን በኋላ ተሰማን አስቀምጬ አስጻፍኩት። ስለ ዘቢቡ አመሰገንኩ፣ ስለ አስካል ጸጉር መመለስ ነገርኳቸው፣ በመጨረሻ «ያን ቀን ሰፌዱን ከእጅዎ ስለ ሳብኩት ይቅር ይበሉኝ» አስባልኩት። ተሰማ «የምን ሰፌድ?» ብሎ ቀና አለ፤ «አንተ ዝም ብለህ ጻፍ፣» አልኩት።

መልሱ ፋሲካ ሲቃረብ መጣ። ብርቱካኑ ዘንድሮ በዝቷል፣ ጣሊያኑ ቤት የገቡት አዲስ ሰዎች ወይኑን በጥቅምት ለቀሙት፣ ገና ነው ብላቸው አልሰሙኝም፣ ይላል። ከታች በኩል ደግሞ አንድ መሥመር አለ፦ «ሰፌድ ያልሽው ግን አልገባኝም፤ የቱን ሰፌድ ነው?» ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተገለባበጠ፣ ደብዳቤም ቆመ፣ ሐረርንም ዳግመኛ ሳላያት ተሰማ አረፈ፣ እኔ አረጀሁ። አይ ፋጡማ በእርግጥ ረስተውት ይሁን፣ ወይስ እያወቁ ለእኔ ብለው ረስተውልኝ፣ ይሄው እስከ ዛሬ አላውቅም። እሑድ ያ ባለ ሥልጠናው ልጅ «እማማ፣ እንዴት ነው ታዲያ፣ ይጣፍጣል?» ሲለኝ ይሄንኑ ነበር የማስበው፤ ብርጭቆውን ለአስካል አቀበልኳት።